የአየርላንድ ድንበር የጉምሩክ ኬላዎችና «የተፈቀዱ መንገዶች»

በአየርላንድ ደሴት በብሪታንያ ሥር የቀረውን ሰሜኑን ራሱን ከቻለው ደቡቡ የሚለየው ድንበር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የሚያቋርጡት መንገዶችም ከ200 ይበልጣሉ። የጉምሩክ ቁጥጥር ሲጀመር ግን ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ በሕግ ሊያልፍባቸው የሚችሉት ከ20 አይበልጡም ነበር። እነዚህ «የተፈቀዱ መንገዶች» ተባሉ። የቀሩት፣ እግረኛ ቢመላለስባቸውም፣ ለነጋዴ ዝግ ነበሩ።

ጣጣው የሚጀምረው ከወሰኑ ነው። የለንደን ፓርላማ በ1920 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሕግ ደሴቲቱን ሲከፍል የቆዩትን የአውራጃ ወሰኖች እንዳሉ ወስዶ ድንበር አደረጋቸው። ጅረት ለጅረት የሚጠማዘዝ፣ አንዳንዴም የአንድን ገበሬ ማሳ ለሁለት የሚከፍል ወሰን ለጉምሩክ ጥበቃ ጨርሶ አይመችም። ደቡቡ በ1922 ማብቂያ የራሱን መንግሥትና ግምጃ ቤት ሲያቋቁም ግን ኬላ የግድ ሆነ። ሥራው የተጀመረው አፕሪል 1 ቀን 1923 ነው፤ ዕለቱ የምዕራባውያን ፋሲካ ነበር። የሚገርመው፣ በመጀመሪያ የሁለቱ ወገን የቀረጥ መጠን እምብዛም አይለያይም ነበር። ጥያቄው ገንዘቡ ወደ ማን ካዝና ይግባ የሚል ነበር።

የተመረጡት በአብዛኛው ከተማን ከከተማ የሚያገናኙ ዋና መንገዶች ናቸው። ከደንዶክ ወደ ኒውሪ የሚጓዝ ሰው በደቡቡ በኩል ካሪካርነን፣ በሰሜኑ ኪሊን ላይ ይቆማል፤ ያው ሻንጣ ሁለት ጊዜ ይከፈታል። የባቡር ተሳፋሪ ደግሞ ደንዶክና ጎራውድ ጣቢያዎች ላይ ይፈተሻል።

አስቸጋሪው ከክሎንስ ወደ ካቫን የሚወስደው መንገድ ነበር። ከደቡብ ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚሄድ ቢሆንም በመሐል ድንበሩን ደጋግሞ ያቋርጣል። በየመሻገሪያው ኬላ ማቆም የማይታሰብ ስለሆነ፣ ተሽከርካሪው በሌላው ግዛት ሳይቆምና ዕቃ ሳያወርድ እንዲያልፍ ልዩ ፈቃድ ተሰጠው። በፔቲጎ መንደር ደግሞ ድንበሩ ተርመን የተባለው ወንዝ ነው፤ ድልድዩን መሻገር አገር መለወጥ ማለት ነበር።

ባለመኪና ዋስትና አስይዞ፣ የመኪናውን የመሻገሪያ መዝገብ በየኬላው ማኅተም ማስመታት ነበረበት። ኬላው ሲመሽ ይዘጋል፤ ከሰርግ አምሽቶ የሚመለስ ሰው አስቀድሞ ማመልከትና መክፈል ነበረበት። መሬቱ በድንበሩ ለተከፈለበት ገበሬ ግን የራሱን ምርት በቅርብ መንገድ እንዲያሻግር ይፈቀድለት ነበር።

ኮንትሮባንድ እንደ ጊዜው አቅጣጫውን ይቀይር ነበር። ከ1932 እስከ 1938 በዘለቀው የሁለቱ መንግሥታት የንግድ ጠብ ወቅት ዋናው ሸቀጥ የቀንድ ከብት ነበር፤ በሌሊት በጓሮ መንገድ እየተነዳ ወደ ሰሜን ይሻገር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቅቤ ወደ ሰሜን፣ ሻይና ነጭ ዱቄት ወደ ደቡብ ሄዱ። በ1970ዎቹ ደግሞ፣ በሰሜኑ በነበረው የትጥቅ ግጭት ሳቢያ፣ የብሪታንያ ጦር ያልተፈቀዱትን መንገዶች በፈንጂ እየቆፈረና በሲሚንቶ እየዘጋ ጉዳዩን ከቀረጥ አወጣው።

የአውሮፓ የጋራ ገበያ ሲጠናቀቅ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1993፣ የጉምሩክ ፍተሻው ቀረ። በ2018 የሁለቱ ወገን ባለሥልጣናት መሻገሪያዎቹን አብረው ሲቆጥሩ 208 ሆነው ተገኙ።