ቶዮታ አይሞትም? ስለ ቶዮታ የሚወሩ ነገሮችና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው ምክር አያጣም። የአክስት ልጅ ይመክራል። ደላላ ይመክራል። ጋራዥ በር ላይ ቆሞ ሻይ የሚጠጣው ሰውዬም ሳይጠየቅ ይመክራል። ሁሉም የሚስማሙበት ነገር ቢኖር «ቶዮታ ግዛ፣ ስትሸጠውም አትከስርም» የሚለው ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም። ከምክሩ ጋር ተጠቅልለው የሚመጡት ወሬዎች ናቸው ጣጣው። እስቲ ዋና ዋናዎቹን እንያቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ቶዮታ ሲፈጠር ጀምሮ ጠንካራ ነው»

ሲፈጠር እንኳን ጠንካራ፣ መኪናም አልነበረም። የቤተሰቡ ሀብት የመጣው ከሽመና ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባሉ የፈጠራ ሰው በ1924 አንድ ክር ሲበጠስ ራሱን በራሱ የሚያቆም የሽመና ማሽን ሠሩ። በ1929 የማሽኑን የፈጠራ መብት ፕላት ብራዘርስ ለተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ሸጡ። መኪና ልሥራ ብሎ የተነሳው ልጃቸው ኪይቺሮ ነው። በ1933 በሽመና ማሽን ፋብሪካው ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ፣ በ1937 ደግሞ ቶዮታ ሞተር ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ።

በ1935 የወጣው ጂ1 የተባለው የመጀመሪያው የጭነት መኪና መንገድ ላይ በመቆም የታወቀ ነበር። የኩባንያው ሰዎች እየሄዱ ይጠግኑታል፣ የተሰበረውን ይመዘግባሉ፣ ቀጥሎ የሚወጣውን ያሻሽላሉ። በ1950 ደግሞ ኩባንያው ራሱ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ባንኮች ካበደሩት በኋላ ሠራተኛ ቀነሰ፣ የሥራ ማቆም አድማ ተነሳ፣ ኪይቺሮም ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚያው ሰሞን የኮሪያ ጦርነት ፈነዳና የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና አዘዘ። ቶዮታ የተረፈው በዚህ ነው። ዕድል ካልነው ዕድል ነው፣ የሰው እልቂት ያመጣው ገበያ መሆኑ ግን ደስ አይልም።

አሜሪካ መግባቱም ቀላል አልነበረም። በ1957 ቶዮፔት ክራውን የሚባለውን ይዘው ካሊፎርኒያ ወረዱ። መኪናው የተሠራው ለጃፓን ጠባብና ኮረኮንች መንገድ ነው። አውራ ጎዳና ላይ ሲለቁት አቅም አጣ፣ ሞተሩ ጋለ። በ1958 ዓመቱን ሙሉ የተሸጡት 287 ክራውኖችና አንዲት ላንድክሩዘር ናቸው። ትንሽ ቆይቶ ክራውኑን ከዚያ ገበያ አወጡት። እስከ 1965፣ ኮሮና የምትባለዋን አሻሽለው እስኪመለሱ ድረስ፣ አሜሪካ ውስጥ ስማቸውን የሚጠራ ሰው ብዙም አልነበረም።

«ሚስጥሩ የጃፓኖች ፀባይ ነው»

ይሄኛው ዘለግ ያለ መልስ ይፈልጋል። ብዙ ሰው «ጃፓን ሥራ አክባሪ ነው፣ ሌላው ሕዝብ እንደዚያ ሊሠራ አይችልም» ብሎ ያምናል። ለዚህ ከየትኛውም ክርክር የተሻለው መልስ ፍሪሞንት ነው።

ፍሪሞንት ካሊፎርኒያ ውስጥ ጄኔራል ሞተርስ አንድ ፋብሪካ ነበረው። በመጥፎ ስሙ የታወቀ ነበር። ሠራተኛው ይቀራል፣ ሥራ ላይ ይጠጣል፣ ከአለቆች ጋር ዘወትር ጠብ ነው። በ1982 ተዘጋ። በ1984 ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በሽርክና ከፈቱት። የተቀጠሩት በአብዛኛው እነዚያው የድሮ ሠራተኞች ናቸው። ማኅበራቸውም ያው የድሮው ማኅበር ነው። የተወሰኑት ጃፓን ተልከው ሠልጥነው መጡ። ብዙም ሳይቆይ ከዚያ ግቢ የሚወጣው መኪና ጥራት ጃፓን ከሚሠራው ጋር ተቀራረበ።

ምን ተቀየረ? አሠራሩ። በድሮው ፋብሪካ ምንም ቢሆን መስመሩ አይቆምም። ጎማው ሳይጠብቅ፣ በሩ ተጣሞ መኪናው ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ ሌላ ሰው ያስተካክለዋል፣ ወይም ጭራሽ ሳይስተካከል ይወጣል። በቶዮታ አሠራር ከእያንዳንዱ ሠራተኛ በላይ ገመድ አለ። ስህተት ያየ ይጎትታል። አለቃው ሮጦ ይመጣል፣ ሊቆጣ ሳይሆን ሊያግዝ። ችግሩ በተመደበው ጊዜ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ክር ሲበጠስ የሚቆመው የሳኪቺ ማሽን እዚህ ላይ ሰው ሆኖ መጣ ማለት ነው።

ይህን አሠራር በማዋቀር ስማቸው የሚነሳው ታይቺ ኦኖ ደግሞ ሌላውን ሀሳብ ያገኙት ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው። መደርደሪያው ላይ የጎደለው ብቻ ይተካል። ፋብሪካም የተጠቀመበትን ያህል ዕቃ ብቻ ያስመጣ፣ መጋዘን ሙሉ ብረት አይከምር አሉ። ስለዚህ «ጃፓን ብቻ ነው የሚችለው» የተባለው ነገር ግማሹ ከአሜሪካ ተቀድቶ፣ ተሻሽሎ፣ ተመልሶ ለአሜሪካውያን የተሰጠ ነው። የፍሪሞንቱ ፋብሪካ በ2010 ተዘግቶ ቴስላ ገዛው። ዛሬም መኪና ይሠራበታል።

«ኦሪጅናል ጃፓን ካልሆነ አልገዛም»

ከላይኛው የተወለደ ወሬ ነው። ደላላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የጃፓን ስሪት ናት» ሲል ዋጋው ከፍ ይላል።

ሀይሉክስን ውሰዱ። ከታወቁት የሀይሉክስ ፋብሪካዎች አንዱ ታይላንድ፣ አንዱ ደቡብ አፍሪካ ደርባን ነው። የሚያስቀው ደግሞ ይሄ ነው፤ በ2017 ሀይሉክስ ለዓመታት ጠፍቶ ከቆየበት የጃፓን ገበያ ሲመለስ የገባው ከታይላንድ ተጭኖ ነው። ጃፓኑ ራሱ የታይላንዱን ይነዳል። ካምሪ ከ1988 ጀምሮ ኬንታኪ ውስጥ ይገጣጠማል። ያሪስ ደግሞ ከ2001 ጀምሮ ሰሜን ፈረንሳይ።

ለማንኛውም፣ የት እንደተሠራ ማወቅ የሚፈልግ ደላላ መጠየቅ አያስፈልገውም። 17 ሆሄና ቁጥር ያለው የሻንሲ ቁጥር ከሆነ የመጀመሪያውን ፊደል ማየት ነው። ጄ ከሆነ ጃፓን ነው። ልዩነት የሚያመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ፋብሪካው ሳይሆን መኪናው ለየትኛው ገበያ ታስቦ ነው የተሠራው የሚለው ነው። ለአቧራና ለሙቀት የታሰበ ማጣሪያና ራዲያተር፣ ለብርድ አገር የታሰበ ማሞቂያ፣ የኤር ባግ ብዛት፣ ይሄ ሁሉ ከገበያ ገበያ ይለያያል። እሱን ጠይቁ።

«ቪትዝና ያሪስ የተለያዩ መኪኖች ናቸው»

አንድ መኪና ናቸው። ቪትዝ ጃፓን ውስጥ የሚጠራበት ስም ነው፣ ያሪስ አውሮፓና ሌሎች ብዙ አገሮች። በ2020 ጃፓንም ቪትዝን ትቶ ያሪስ ብሎታል።

በተግባር ግን አንድ ልዩነት አለ፣ እሱም ቀላል አይደለም። ጃፓን በግራ በኩል ነው የሚነዱት፣ መሪው ቀኝ ነው። ቪትዝ ደግሞ ለጃፓን የተሠራ ነው። እንግዲህ ትክክለኛ ቪትዝ ሆኖ መሪው ግራ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው ፈትቶ ቀይሮታል። ዳሽቦርዱ፣ የመሪው ዘንግ፣ የፍሬን ፔዳሉ፣ ሽቦው ሁሉ ተነካክቷል። በደንብ የተሠራ አለ፣ በብየዳ የተለጣጠፈም አለ። ስለዚህ «ቪትዝ ነው ወይስ ያሪስ» ከማለት «መሪው ከፋብሪካ ነው ወይስ የተቀየረ» ማለት ይሻላል። አርማ ማንም ለጥፎ ማንም ይነቅላል፣ የሻንሲ ቁጥሩ ግን ይናገራል። ለጃፓን ገበያ የወጣው ቁጥር አጭር ነው፣ መሐሉ ላይ ሰረዝ አለው። ለምሳሌ የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 1 ሊትር ሞተር ቪትዝ «ኤስ ሲ ፒ 10» ብሎ ጀምሮ ከሰረዙ በኋላ ቁጥሩ ይቀጥላል። ያሪሱ 17 ሆሄና ቁጥር ነው። ሊብሬው ላይ አንብቡ፣ ከዚያ ሻንሲው ላይ የተመታውን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ።

«ቪ8 ነው»

ትልቅ ላንድክሩዘር ሁሉ ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ አይደለም። እኛ ጋ ስሙ የሥልጣን ስም ስለሆነ ማን ኮፈን ከፍቶ ሲሊንደር ይቆጥራል? ከ2007 እስከ 2021 የተሠራው፣ 200 የሚባለው ትውልድ ለባሕረ ሰላጤው ገበያ ባለ 4 ሊትር ቪ6 ሞተርም ነበረው። በ2021 የመጣው፣ 300 የሚባለው ደግሞ ጭራሽ ቪ8 የለውም፣ ቪ6 ነው። ሰዉ ግን አሁንም «ቪ8 ገዛ» ይላል።

«ድሮ የተሠራው ነው ብረት»

ዲኤክስ የሚባለውን የድሮ ኮሮላ የሚወድ ሰው ስሜቱ ይገባኛል። ለመጠገን ቀላል ነው፣ መለዋወጫውም ሶማሌ ተራ አይጠፋም። ግን «ብረቱ ወፍራም ስለሆነ ያድናል» የሚለው ሕይወት የሚያስከፍል ወሬ ነው። በ2017 የአውስትራሊያና የኒው ዚላንድ የመኪና ደኅንነት መርማሪ ድርጅት አንድ የ1998 ኮሮላና አንድ የ2015 ኮሮላ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር አጋጨ። የድሮው ከ16 ነጥብ ውስጥ 0.40 አገኘ። አዲሱ 12.93 አገኘ። የድሮው ኮሮላ የሾፌር ቦታ ጨርሶ ተደፈጠጠ። አዲሱ የተጨፈለቀው በፊት ለፊቱ ነው፤ የተሠራው እንደዚያ እንዲሆን ነው። ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ቅርፁን እንደያዘ ቆየ። ከ1998ም በፊት የተሠሩ ስንት ኮሮላዎች ዛሬ ከተማችን ውስጥ ሰው ጭነው ይሄዳሉ!

«ቶዮታ ከፋብሪካ ችግር ይዞ አይወጣም»

ነሐሴ 2009 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳንዲዬጎ አጠገብ፣ አንድ ሌክሰስ አልቆም ብሎ አራት ሰዎች ሞቱ። ሌክሰስ የቶዮታ ነው። ምክንያቱ ሲጣራ ለሌላ ሞዴል የተሠራ የወለል ምንጣፍ ነዳጅ መስጫውን ይዞት ነበር። ከዚያ በኋላ ቶዮታ በምንጣፍና በማይመለስ ፔዳል ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለእርማት ጠራ። የኪይቺሮ የልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ በ2010 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ ኩባንያው ከሚችለው በላይ በፍጥነት እንዳደገም ተናገረ። በ2014 ደንበኞችን በማሳሳቱ ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ይህ የሩቅ ታሪክ ነው ካላችሁ፣ የቶዮታ ንብረት የሆነው ዳይሃትሱ የደኅንነት ፈተና ውጤት ሲያጭበረብር ተገኝቶ በ2023 መጨረሻ መኪና መላክ አቁሞ ነበር።

እኛን በቀጥታ የሚነካን ግን የኤር ባጉ ጉዳይ ነው። ታካታ የሚባል ድርጅት ለብዙ ፋብሪካዎች የሸጠው የኤር ባግ ማፈንጃ ከዓመታት ሙቀትና እርጥበት በኋላ ይበላሻል። ግጭት ሲደርስ ከልክ በላይ ፈንድቶ ስብርባሪ ብረት ሰው ላይ ይረጫል። ከተጠሩት መኪኖች መካከል ኮሮላ፣ ያሪስና ቪትዝ አሉበት። መጥሪያው የሚላከው ደግሞ መኪናው ለተመዘገበበት ሰው ነው። መኪናው ተሽጦ ባሕር ከተሻገረ ደብዳቤው የሚደርሰው የለም። «ንፁህ ነው፣ ያልተነካ ነው» የተባለ መኪና ያ ማፈንጃ ያልተነካበትም ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩን የቶዮታ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማየት ይቻላል። አጭሩን ቁጥር የጃፓኑ ገጽ ይቀበላል፣ 17ቱን የሌሎቹ አገሮች። ነፃ ነው።

«ኤሌክትሪክ የቻይና ነው፣ ቶዮታ እዚያ የለም»

በ2024 መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ይሄ ወሬ በየካፌው አለ። ቶዮታ ዘግይቷል፣ እሱ እውነት ነው። በ1997 ፕሪየስን አውጥቶ በሃይብሪድ፣ ማለትም ነዳጅና ኤሌክትሪክ በሚያጣምር መኪና፣ ዓለምን ከቀደመ በኋላ ሙሉ ኤሌክትሪክ ላይ እግሩን ጎተተ። ግን የለም ማለት አይደለም። ቢዚ4ኤክስ በ2022 ወጣ፣ ጃፓንም ቻይናም ይገጣጠማል። ቢዚ3 የሚባለው ደግሞ ቢዋይዲ ከሚባለው የቻይና ኩባንያ ጋር የተሠራ ነው። ባትሪው የቢዋይዲ፣ ፋብሪካው ቻይና፣ አርማው ቶዮታ። «ቻይና አልገዛም፣ ቶዮታ ነው የምገዛው» የሚል ሰው እዚህ ላይ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም።

«ቶዮታ ስለሆነ አያሳስብም» ለሚለውም፣ ቢዚ4ኤክስ በወጣ በወራት ውስጥ ወደ 2,700 የሚሆኑት ለእርማት ተጠርተዋል። ምክንያቱ የጎማ ማሰሪያው ብሎን እየላላ ጎማው ሊወልቅ ይችላል የሚል ነበር። ሽያጩ ቆሞ፣ መፍትሔው ተገኝቶ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ምርቱ ቀጠለ። የ2022 ስሪት የሆነውን የምትገዙ ከሆነ ብሎኑ መቀየሩን ጠይቁ።