የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛና የሕግ ድጋፍ፦ ነገረ ፈጅ፣ ጠበቃና ነፃ አገልግሎት በሐዋሳ

በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ መምህር፣ ሐኪም ወይም የአስተዳደር ሠራተኛ የሕግ ጉዳይ ሲገጥመው የሚያንኳኳው በር እንደ ጉዳዩ ባለቤት ይለያያል። ጉዳዩ የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ የሚመለከተው የዩኒቨርሲቲውን የሕግ አገልግሎት ክፍል ነው። የግሉ ከሆነ፣ ይልቁንም ባላጋራው ራሱ ዩኒቨርሲቲው ከሆነ፣ ሠራተኛው ከግቢው ውጭ ጠበቃ ማቆም ወይም ነፃ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ ልዩነት በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው።

ዩኒቨርሲቲው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅን፣ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅንና የዲላውን የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በማዋሐድ በ1992 ዓ.ም. «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» ተብሎ የተመሠረተ የፌዴራል ተቋም ሲሆን፣ የሚገኝበት ከተማ ደግሞ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል መዲና ነው። የፌዴራል ተቋም በክልል ከተማ መገኘቱ የትኛው ሕግ ይሠራል፣ የትኛው ፍርድ ቤት ያያል፣ የትኛው ጠበቃ ይቆማል የሚሉትን ጥያቄዎች ሁሉ ይነካል። የአስተዳደር ሠራተኞች የሚተዳደሩት በፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው፤ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። መምህራንን በተመለከተ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ና የዩኒቨርሲቲው የሴኔት ደንብ ሰፊ ቦታ አላቸው። በከተማው የግል ኮሌጆች የሚያስተምሩ ሰዎች ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ናቸው፤ ከሥራ ተሰናብቶ ወደ ሥራው መመለስ የሚፈልግ የግል ኮሌጅ መምህር ክሱን በ3 ወር ውስጥ ካላቀረበ መብቱ በይርጋ ይቀራል። በኤጀንሲ በኩል በየግቢው የሚሠሩ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞችም አሠሪያቸው ኤጀንሲው እንጂ ዩኒቨርሲቲው ስላልሆነ፣ አቤቱታቸው በዚሁ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መንገድ ይሄዳል።

የነገረ ፈጁ ሥራ

የሕግ አገልግሎት ክፍል በሠራተኛው አነጋገር «ሕግ ክፍል» ነው፤ በፍርድ ቤት የሚቆሙት ባለሙያዎች ደግሞ በአሮጌው ስማቸው ነገረ ፈጆች ይባላሉ። ውሎችን ይመረምራሉ፣ ለሥራ ኃላፊዎች የሕግ አስተያየት ይሰጣሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ከሳሽ ወይም ተከሳሽ በሆነባቸው መዛግብት ይከራከራሉ። ከሌላ ተቋም ጋር የመግባቢያ ሰነድ ለመፈራረም የሚያስብ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ከጨረታ አሸናፊ ጋር የተጣላ የግዥ ባለሙያ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ በቢሮው የደረሰው ዲን ጉዳዩን በደብዳቤ ወደዚህ ክፍል መምራት አለበት። መጥሪያን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ስብሰባ ማቆየት ተከሳሹ በሌለበት ነገሩ እንዲታይ በር ይከፍታል።

አንድ ኮሌጅ ወይም አንድ የምርምር ፕሮጀክት በእጁ ባለው በጀት ብቻ የውጭ ጠበቃ መያዝ አይችልም። በሕግ ፊት ሰው ሆኖ የሚቆመው ዩኒቨርሲቲው እንጂ የትምህርት ክፍሉ አይደለም፤ የሕግ አገልግሎት መግዛትም ግዥ ስለሆነ የመንግሥት ግዥ ሥርዓትን ይከተላል። በዚህ ላይ የፌዴራል መንግሥትን የፍትሐ ብሔር ጥቅም በፍርድ ቤት የማስከበር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 943/2008 ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተሰጥቶ፣ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263 ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ስለተላለፈ፣ ከነገረ ፈጆቹ አቅም በላይ የሆነ ክርክር በቅድሚያ የሚታሰበው ወደዚያ ነው። ፕሮጀክቱን ያገኘው መምህር ራሱ የተዋዋለው ጠበቃ ካለ፣ ክፍያው በራሱ ኪስ ላይ እንደሚወድቅ ማወቅ ይኖርበታል።

ሠራተኛው በሥራው ምክንያት በስሙ ሲከሰስ ነገሩ ይወሳሰባል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጎ፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው ካሣውን ከመንግሥት መጠየቅ እንደሚችል፣ መንግሥትም ከፍሎ ወደ ሠራተኛው ሊመለስ እንደሚችል ይገልጻል። ቁጥር 2127 የሥራ ጥፋት የሚለው፣ ሠራተኛው በቅን ልቡና በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም ይሠራል ብሎ ያደረገውን ነው፤ ሌላው ሁሉ የግል ጥፋት ነው። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም በሕክምና ጉድለት ከተቋሙ ጋር አብሮ ሲከሰስ፣ ለጊዜው ከነገረ ፈጁ ጋር በአንድ ወገን ቢቆምም ጥቅማቸው እስከ መጨረሻው አንድ ላይሆን ይችላል፤ ተቋሙ «ጥፋቱ የግሉ ነው» ብሎ የሚከራከርበት ቀን ሊመጣ ይችላል። የወንጀል ክስ ከሆነ ደግሞ ጥርጥር የለውም። በቸልተኝነት ሰው በመግደል ወይም አካል በመጉዳት የሚቀርብ ክስ የሚነካው የሐኪሙን ነፃነት ነውና፣ ከመጀመሪያው የፖሊስ ቃል ጀምሮ የራሱ ጠበቃ ያስፈልገዋል።

ባላጋራው ዩኒቨርሲቲው ሲሆን

ሠራተኛውን ከዩኒቨርሲቲው ጋር ፍርድ ቤት ከሚያቆሙት ነገሮች አንዱ የትምህርት ውል ነው። ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ የሚላክ መምህር ሲመለስ የተወሰነ ዓመት ለማገልገል፣ ካላገለገለ የወጣበትን ለመክፈል ይፈርማል፤ ዋስም ይጠራል። ዋሱ አብዛኛውን ጊዜ በጎኑ የሚቀመጥ የሥራ ባልደረባው ነው፤ እምቢ ማለት ነውር ስለሚመስል ውሉን ሳያነብ ይፈርማል። ተማሪው ውጭ አገር የቀረ እንደሆነ መጥሪያው የሚደርሰው ሐዋሳ ለቀረው ዋስ ነው። በዚህ ጊዜ ዋሱ ትናንት ምክር ይጠይቀው የነበረው ነገረ ፈጅ ከሳሹን ወክሎ ፊት ለፊቱ ይቆማል። ሰላምታው አይቀር ይሆናል፤ ምክሩ ግን ቀርቷል።

የዋስትና ውል ዝርዝር ደንብ ስላለው ለሕግ ባለሙያ ማሳየት ይጠቅማል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቁጥር 1922 መሠረትም ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ውሉ አይጸናም። በሌላ በኩል ውሉ የማይነጣጠል ዋስትና ከሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው ዋናውን ባለዕዳ አስቀድሞ ሳይጠይቅ ዋሱን መክሰስ ይችላል። እነዚህን ሁለት ነጥቦች የሚያውቅ ጠበቃ ዋሱ ካመጣው ሰነድ ገና በመጀመሪያው ንባብ ብዙ ነገር ይለያል፤ ሰነዱን ያልያዘ ባለጉዳይ ግን ከጠበቃው ርኅራኄ እንጂ ምክር ሊያገኝ አይችልም።

የዲሲፕሊን ጉዳይ ሌላው ነው። ክስ የቀረበበት ሠራተኛ መልሱን የሚሰጠው በመጀመሪያ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ሲሆን፣ የደረጃ ዕድገት፣ የዝውውርና የመሳሰሉት አቤቱታዎች ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይሄዳሉ። ብዙዎች «ገና የውስጥ ጉዳይ ነው» ብለው ጠበቃ የሚፈልጉት የስንብት ደብዳቤ ከደረሳቸው በኋላ ነው። ይግባኙን የሚያየው የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ዋና መቀመጫው ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው አዲስ አበባ ሲሆን፣ በእርሱ ውሳኔ ላይ የሕግ ስሕተት ያለ እንደሆነ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይኬዳል። ስለዚህ ጠበቃው ከሁሉ በፊት የሚያገላብጠው ለኮሚቴው የተጻፈውን የመከላከያ መልስ ነው። በንዴት የተጻፈ፣ ማስረጃ ያልተያያዘበትና ምስክር ያልተቆጠረበት መልስ በይግባኝ ሊጠገን አይችልም ባይባልም፣ ጠበቃው ጊዜውን የሚያጠፋው በአዲስ ክርክር ሳይሆን በጥገና ላይ ይሆናል። ለግማሽ ቀን ምክር የሚከፈለው ገንዘብ ቦታው ይኸኛው ደረጃ ይመስለኛል።

ጠበቃ ማቆም

ፍርድ ቤቱ ሳይለይ ጠበቃው አይመረጥም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን የመጀመሪያ ደረጃና የከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ለክልል ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች በውክልና የሰጠ ሲሆን፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 322 ደግሞ በዚያን ጊዜው ደቡብ ክልል የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም አድርጓል። በተሳሳተ ፍርድ ቤት የተከፈተ መዝገብ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 244 በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ይዘጋል፤ በመካከሉ የይርጋው ጊዜ ሊያልፍ ይችላል።

የጥብቅና ፈቃድም የፌዴራልና የክልል ተብሎ ይከፈላል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚቆም ጠበቃ ፈቃድ የሚያወጣውና የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ሲሆን፣ አዋጁ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩም ፈቅዷል፤ የክልሉን ፈቃድ የሚሰጠው የክልሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ነው። በፒያሳም ሆነ በፍርድ ቤቶች አካባቢ ባሉ ሰሌዳዎች ላይ «በማናቸውም የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጠበቃና የሕግ አማካሪ» የሚለውን ማንበብ በቂ አይደለም፤ የታደሰ ፈቃድ እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር የለውም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ፣ የፌዴራሉ አማርኛ በመሆኑ ጠበቃው በየትኛው ቋንቋ እንደሚጽፍና እንደሚከራከርም መጠየቅ ተገቢ ነው። በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች አቤቱታ በመጻፍ ለብዙ ሰው ደርሰዋል፤ ሆኖም ችሎት አይቆሙም፣ ለጻፉትም እንደ ጠበቃ በሥነ ምግባር ደንብ አይጠየቁም።

የሕግ ትምህርት ቤቱ መምህራን ቅርብ በመሆናቸው ብዙ ሠራተኛ ጥያቄውን ሻይ ላይ ያነሣላቸዋል። አጠቃላይ መንገድ ለማወቅ ይህ ክፋት የለውም። ነገር ግን ባላጋራው ዩኒቨርሲቲው በሆነበት ጉዳይ ከዚያው ተቋም ደመወዝ የሚቀበል ሰው ጠበቃ ሆኖ መያዙ የጥቅም ግጭት ያስነሣል፤ በሻይ ሰዓት የተነገረ ምስጢርም ጠበቃ ለደንበኛው ያለበት የምስጢር ግዴታ ይሸፍነዋል ብሎ መተማመን አይቻልም።

የጥብቅና ውል በጽሑፍ ይደረጋል። ውሉ ክፍያው ለየትኛው ደረጃ እንደሆነ፣ ይግባኝንና የፍርድ አፈጻጸምን እንደሚጨምር ወይም እንደማይጨምር፣ የአዲስ አበባ መጓጓዣና አበል በማን ላይ እንደሚወድቅ በግልጽ ቢያስቀምጥ ኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድናል። ክፍያው በስምምነት የሚወሰን ሲሆን፣ ከፊሉ በቅድሚያ የቀረው ጉዳዩ ሲያልቅ መከፈሉ የተለመደ ነው። የተረታው ወገን የረቺውን ወጪና ኪሣራ እንዲተካ ፍርድ ቤቱ ሊያዝ ይችላል፤ ይሁንና «ወጪና ኪሣራ ይቻቻሉ» የሚለው፣ ማለት እያንዳንዱ ወገን የራሱን ወጪ ይቻል የሚለው ትእዛዝ በፍርዶች መጨረሻ ላይ እንግዳ ስላልሆነ በዚህ ተስፋ መበደር አይመከርም።

ከውሉ ቀጥሎ ውክልና ይመጣል። ውክልናው ሥልጣን ባለው የሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ መረጋገጥ አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መክሰስንና ተከሶ መልስ መስጠትን፣ መታረቅንም ልዩ ውክልና ከሚያስፈልጋቸው ሥራዎች ጋር ስለሚቆጥራቸው፣ «ጉዳዬን ሁሉ እንዲከታተል» በሚል ጥቅል ቃል የተጻፈ ውክልና በችሎት ላይ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። ጠበቃው ሳያማክረው እንዲታረቅበት የማይፈልግ ባለጉዳይም ይህን ቃል ከውክልናው ማስወጣት ይችላል።

አቅም ላነሰው

የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ አገልግሎቱ በዋናነት የታሰበው ለድሆች፣ ለሴቶች፣ ለሕፃናትና ለአካል ጉዳተኞች ነው። ደመወዙ ዝቅተኛ የሆነ የጽዳት ወይም የመኝታ ክፍል አገልግሎት ሠራተኛ በቀለብ፣ በውርስ ወይም በቤት ክርክር ሊጠቀምበት ይችላል፤ ክሱ በዩኒቨርሲቲው ላይ ሲሆን ግን ከላይ የተነገረው የጥቅም ግጭት እዚህም አለ። ጠበቆችም የነፃ አገልግሎት ግዴታ አለባቸው፦ የ1992 ዓ.ም. የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ ደንግጎ ነበር። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው ሳይከፍል፣ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ያመለክታል። በወንጀል ተከሶ ጠበቃ ማቆም ለማይችል ሰው፣ ፍትሕ ይጓደላል ተብሎ ሲታመን፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል፤ ሥራውም የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ነው። ለአስተዳደር በደል እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ለመብት ጥሰት የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በነፃ አቤቱታ ይቀበላሉ፤ ሁለቱም ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ አላቸው። ሆኖም እንባ ጠባቂ ፍርድ ቤት የተያዘን ጉዳይ አያይም፤ ለእርሱ የቀረበ አቤቱታም የይግባኝን ጊዜ አያቆምም።

ከጠበቃው ጋር ያልተስማማ ባለጉዳይ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2226 መሠረት ውክልናውን በማናቸውም ጊዜ ሊሽር ይችላል፤ በሥነ ምግባር ጉድለት ላይ ያለውን አቤቱታም ፈቃዱን ለሰጠው አካል ያቀርባል። ሽረቱን ለጠበቃው ብቻ ነግሮ መዝገቡ ላለበት ችሎት ያላሳወቀ ሰው ግን፣ ለቀድሞው ጠበቃ የተሰጠው ቀጠሮ ለራሱ እንደተነገረ ሊቆጠርበት ይችላል።