በታይሮይድ ዕጢ ላይ የሚወጡ እብጠቶች፦ ምርመራና ሕክምና

የታይሮይድ ዕጢ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የአየር ቧንቧን ከፊት አቅፎ የተቀመጠ፣ በጤናማ አዋቂ ላይ ከ15 እስከ 25 ግራም ገደማ የሚመዝን አካል ነው። ከምግብ በሚያገኘው አዮዲን የልብ ምትን፣ የሰውነትን ሙቀትና የልጆችን እድገት የሚመሩ ሆርሞኖችን ያመርታል። በዚህ ዕጢ ላይ እብጠት መውጣቱ በጣም የተለመደ ነው። በእጅ ሲዳሰስ ከ100 አዋቂዎች በ5ቱ ገደማ ይገኛል፤ በአልትራሳውንድ ሲታይ ደግሞ፣ በተለይ በሴቶችና በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ፣ ወደ ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። ካንሰር ሆኖ የሚገኘው ከ5 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። አስቸጋሪው ጥያቄ የትኛው ይቆረጥ፣ የትኛውስ ይተው የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች አፈሩ አዮዲኑን በጎርፍ ስላጣ እንቅርት ለትውልዶች አብሮን የኖረ በሽታ ነው። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ያደጉ ብዙ እናቶች ግን ዛሬም እንቅርታቸውን ተሸክመው ይኖራሉ። ስለማያማቸው ወደ ሐኪም አይሄዱም። ሕመም አለመኖሩ ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ አብዛኛው የታይሮይድ ካንሰርም ሲጀምር አያምም። ለዓመታት ባለበት የቆየ እንቅርት በጥቂት ወራት ውስጥ ካደገ፣ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ምግብ ለመዋጥ ካስቸገረ ወይም በአንገት ጎን ንፍፊት ከወጣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ ሌላ ጣጣ ተደርቧልና ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። አዮዲን በሚጎድልባቸው አገሮች ፎሊኩላርና አናፕላስቲክ የሚባሉት አስቸጋሪ የካንሰር ዓይነቶች ድርሻቸው ከፍ ይላል።

ምርመራው የሚጀምረው ዕጢውን ሆርሞን እንዲያመርት የሚያዘውን ንጥረ ነገር በሚለካው፣ ቲኤስኤች በተባለው የደም ምርመራ ነው። ውጤቱ ዝቅ ካለ እብጠቱ ራሱ ሆርሞን እያመረተ ሊሆን ስለሚችል በጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር እየታገዘ ምስሉ ይነሳል፤ ሆርሞን የሚያመርት እብጠት ካንሰር የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። ከዚያ ውጭ ወሳኙ አልትራሳውንድ ነው። ጠርዙ የተዛባ፣ ጥቃቅን የካልሲየም ነጠብጣብ ያለበት፣ ከስፋቱ ይልቅ ወደ ውስጥ ቁመቱ የሚበልጥ እብጠት ያጠራጥራል። ይህን ዓይነቱን ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወስድለታል፤ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ፓቶሎጂስትም ቤቴስዳ በተባለው ሥርዓት ከስድስት የካንሰር ጥርጣሬ ደረጃዎች በአንዱ ይመድበዋል። መርፌው ግን አንድ ነገር መለየት አይችልም። ፎሊኩላር ካንሰር ከጤናማው እብጠት የሚለየው ሽፋኑን ወይም የደም ሥርን ጥሶ በመግባቱ ስለሆነ፣ እርግጡ የሚታወቀው ዕጢው ተቆርጦ ሲመረመር ነው። ብዙ ሕሙማን «ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?» ብለው የማያዳግም መልስ ሳያገኙ ቀዶ ሕክምና የሚገቡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ቢያስረዳቸው ብዙ ጭንቀት ይቀንስላቸዋል።

ከካንሰሮቹ 80 በመቶ ያህሉ ፓፒላሪ የሚባለው ዝግ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ነው፤ በአብዛኛው ይድናል። ሜዱላሪ የተባለው ከአራት አንዱ ገደማ በዘር የሚተላለፍ በመሆኑ የቤተሰቡም አባላት ሬት (RET) በተባለው ጂን ምርመራ መታየት ይኖርባቸዋል። አናፕላስቲክ ብርቅ ቢሆንም በሳምንታት ውስጥ አንገትን የሚያፍን ነው።

ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው። የስዊሱ ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር ጥንቃቄ በተሞላበት ዘዴው የብዙዎችን ሞት በእጅጉ ቀንሶ እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሕሙማን አእምሯቸውም አካላቸውም እየዛለ መሄዱን እ.ኤ.አ. በ1883 ያስታወቀውም እሱ ነው። ዛሬ የጎደለው ሆርሞን በሌቮታይሮክሲን ክኒን ይተካል። በቀዶ ሕክምናው ወቅት ሁለት ነገሮች ይጠበቃሉ፦ ከዕጢው ጀርባ የሚያልፈው የድምፅ ነርቭና ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት ፓራታይሮይድ የተባሉት አራት ትንንሽ ዕጢዎች። ከቀዶው በኋላ ጣትና ከንፈር ቢደነዝዝ ካልሲየም መውረዱን ያመለክታል።

ሁሉም እብጠት ግን መቆረጥ የለበትም። በደቡብ ኮሪያ ጤነኛ ሰዎች በብዛት አልትራሳውንድ ሲነሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተገኘው የታይሮይድ ካንሰር መጠን ከ1993ቱ 15 እጥፍ ሆነ፤ በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን አልተለወጠም። ብዙዎች ሳያስፈልጋቸው ተቆርጠው የዕድሜ ልክ ክኒን ዋጪ ሆነዋል። ጃፓን ውስጥ የኩማ ሆስፒታል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ከ1 ሴንቲሜትር ያነሱ ፓፒላሪ ካንሰሮችን ሳይቆርጡ በየጊዜው መከታተልን አስተምረዋል።

ፓፒላሪ ወይም ፎሊኩላር ካንሰር ከተሰራጨ ወይም የመመለስ ዕድሉ ከፍ ካለ አዮዲን 131 የተባለው ጨረር አመንጪ አዮዲን ይሰጣል። የዕጢው ሴሎች አዮዲን ስለሚስቡ ጨረሩ እዚያው ይሠራል፤ ታካሚውም ለጥቂት ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች ይርቃል። ሌቮታይሮክሲን ደግሞ ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ይዋጣል፤ ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም መግባቱን ስለሚቀንስ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይቆይለት። በእርግዝና ጊዜ መጠኑ መጨመር ስለሚያስፈልግ ሴቲቱ ማርገዟን እንዳወቀች ለሐኪሟ ትንገር። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ በአዮዲን 131 ከታከመ በኋላ ታይሮግሎቡሊን የተባለው ፕሮቲን በደም ውስጥ ወደ ላይ ካለ ካንሰሩ የሆነ ቦታ ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል አንገቱ እንደገና በአልትራሳውንድ ይፈተሻል።