«የጋራ የሆነ የማንም አይደለም» ለምትሉ

ሰሞኑን አንድ ሥልጠና ላይ ተቀምጫለሁ። አሠልጣኙ ገና ሲጀምር «ያው እንደምታውቁት፣ የጋራ የሆነ ነገር የማንም አይደለም። ሕዝቡ ይጨርሰዋል» አለ። ግማሹ አዳራሽ ራሱን ነቀነቀ። በተፈጥሮ ሀብት ሙያ ስሠራ ይህችን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልዘልቀውም። በሻይ ሰዓት «የመንዝን ጓሳ አይተሃል?» አልኩት። «በቴሌቪዥን» አለኝ።

መጀመሪያ በሙያችን የሚደጋገሙትን ትንንሾቹን የተሳሳቱ አባባሎች ላራግፍ።

«ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ ደን ነበር።» ማን ለካው? ቁጥሩ ከሪፖርት ወደ ሪፖርት ሲገለበጥ የኖረ ነው። ደን አልተመናመነም አላልኩም።

«የቤተ ክርስቲያን ደን የተረፈው ማንም ስለማይነካው ነው።» ሰው ይጠለልበታል፣ ይቀበርበታል፣ ችግኝና ዘር ይወስድበታል። የተረፈው ደንብና ተቆርቋሪ ስላለው ነው።

«ዛፍ የሌለበት መሬት ባዶ ነው።» እባካችሁ! ቀይ ቀበሮ የሚያድነው አይጥ የሚኖረው ሣር ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። መንዝ፣ ሰሜን ሸዋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ። ጓሳ የቦታውም የሣሩም ስም ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያስተዳደረው «ቀሮ» የሚባል ሥርዓት ነበር። ባለመብቶቹ የሁለት ቀደምት አባቶች፣ የአስቦና የጌራ፣ ዘሮች ናቸው። አለቃቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ቦታው ለዓመታት፣ አንዳንዴ እስከ አምስት ዓመት፣ ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ይዘጋል። ማን እንደሚያጭድ፣ መቼ እንደሚያጭድ፣ የሰረቀ ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቃል። እንግዲህ ይሄ ነው «የማንም ያልሆነው»!

ጉዱ የመጣው በኋላ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ በዘር ላይ የቆመው የቀሮ መብት አብሮ ፈረሰ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ፍትሕ ነበር፤ እሱን አልክድም። ጓሳን ግን ያገኘ ሁሉ ያጭደውና ያግጠው ጀመር። አያችሁ? የጎዳው የጋራ መሆኑ ሳይሆን ደንቡ መፍረሱ ነው። ደግነቱ የአካባቢው ሰው ዝም አላለም፤ ኮሚቴ አቋቁሞ እንደገና መዝጋትና መክፈት ጀመረ። ዛሬም ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያው አሉ።

የአሠልጣኙ አባባል ምንጩ አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ምሁር ጋሬት ሃርዲን በ1968 እ.ኤ.አ. የጻፈው ጽሑፍ ነው። ሃርዲን ራሱ ኋላ ላይ «ያልኩት አስተዳዳሪ ስለሌለው የጋራ ሀብት ነው» ብሎ አርሟል። አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን እንዴት እንደሚያስተዳድሩ አጥንታ በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመች። ሥልጠናችን ግን ገና 1968 ላይ ነው።

እኔም ከዚህ ኃጢአት ንጹሕ አይደለሁም። ሥራ እንደጀመርኩ አንድ ተራራ በሽቦ አሳጠርኩ። ዘበኛም ቀጠርን። አንዲት እናት «ልጄ፣ ሣሩን ማን ያጭደዋል?» ቢሉኝ «ማንም አይነካውም» አልኩ፣ ኮራ ብዬ። ከብቱ በሌሊት ሲገባ ከረመ። በሁለተኛው ዓመት ሽማግሌዎቹን ለመንን። እነሱ የአጨዳ ተራ አወጡ፣ መቀጫውን ወሰኑ፣ ዘበኛውን አሰናበቱ። ተራራው አገገመ።

ስለዚህ አዲስ ቀበሌ ስትገቡ ችግኙ መኪና ላይ ይቆይ። ማን ይጠቀማል? መቼ ይዘጋል? ጥፋተኛውን ማን ይዳኛል? ይህን ጠይቁ፤ ሴቶቹንም ለብቻ ጠይቁ፣ ማገዶውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ያ ሽቦ የት እንደገባ ግን እስካሁን የሚነግረኝ አላገኘሁም።