«አሜሪካ ለባሕር ወንበዴ ሰባራ ሳንቲም አልከፈለችም» እና ሌሎች አልሞት ያሉ ተረቶች

በቀይ ባሕር ወይም በኤደን ባሕረ ሰላጤ መርከብ በተተኮሰበት ቁጥር፣ ጅቡቲ የሚራገፍ ዕቃ ያለውም የሌለውም ስለ ባሕር ወንበዴ ማውራት ይጀምራል። ከመሃላቸው አንድ አዋቂ አይጠፋም። «አሜሪካ ገና ጨቅላ አገር ሳለች የሰሜን አፍሪካ ወንበዴዎች ግብር አምጪ ሲሏት፣ ሰባራ ሳንቲም አልሰጥም ብላ የጦር መርከብ ላከች፤ አንበረከከቻቸው፤ አለቀ» ይላል። የሚሰማውም ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ይህ ወሬ ከእውነቱ ጋር የሚጋራው የአገሮቹን ስም ብቻ ነው። ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ትናንሾቹን ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ባርባሪ የምትባል አንዲት የወንበዴ አገር ነበረች።» አልነበረችም። ፈረንጆች ባርባሪ የሚሉት የሰሜን አፍሪካን ጠረፍ ነው፤ እዚያ አራት መንግሥታት ነበሩ። አልጀርስ፣ ቱኒስና ትሪፖሊ በስም የኦቶማን ሱልጣን ግዛቶች ሆነው በተግባር ራሳቸውን ያስተዳድሩ ነበር፤ ሞሮኮ ደግሞ የራሷ ሱልጣን ነበራት። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይዋዋላሉ፤ ለየብቻ ይጣላሉ።

«አራቱም የአሜሪካ ደመኛ ነበሩ።» የሞሮኮው ሱልጣን ሲዲ መሐመድ ቢን አብደላ የአሜሪካ መርከቦች ወደቦቹን እንዲጠቀሙ የፈቀደው በ1777 ነው፤ ያኔ አሜሪካን አገር ብሎ የሚቆጥራት ገና እምብዛም አልነበረም። የውል ጥያቄው ለዓመታት መልስ ሲያጣ በ1784 ቤትሲ የተባለችውን መርከብ አስያዘ። በ1786 ውል ተፈረመ፤ የዓመት ግብር የሚል ቃል የለበትም።

«ታላላቆቹ የአውሮፓ መንግሥታት አይከፍሉም ነበር።» ስፔን፣ ሆላንድ፣ ዴንማርክ፣ ስዊድን፣ ቬኒስ ሁሉም በየመልኩ ይከፍሉ ነበር። እንግሊዝ እንኳ ስጦታ ትልክ ነበር። ጉልበት ያለው መንግሥት ወንበዴውን ከማጥፋት ይልቅ ተፎካካሪ ነጋዴውን እንዲያዋክብለት ቢተወው አይከፋውም።

«ባገኙት መርከብ ላይ ዝም ብለው የሚዘሉ ሽፍቶች ነበሩ።» እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አሠራሩን ያላወቀ ሰው ቀሪውን አይረዳምና። የአልጀርስ መርከብ አዛዥ፣ ማለትም ራይሱ፣ ከመንግሥቱ ፈቃድ ይዞ ይወጣል፤ የሚይዘውም ከመንግሥቱ ጋር ውል የሌላትን አገር መርከብ ነው። ውል ያላት አገር መርከብ የይለፍ ወረቀት ትይዛለች። ወረቀቱ ላይኛው ክፍል ላይ የመርከብ ሥዕል ይታተምበታል፤ ከዚያ ሥዕሉን መሃል ለመሃል እየተጠማዘዘ በሚሄድ መስመር ይቆርጡታል። ታችኛው ክፍል ለነጋዴው ካፒቴን ይሰጣል። የላይኛው ቁራጭ በየከተማው ላለው ቆንስል ይላካል፤ ቆንስሉ ለራይሶቹ ያድላል።

ባሕር ላይ ሲገናኙ ራይሱ ትንሽ ጀልባ ይልካል፤ አሜሪካ ከአልጀርስ ጋር በገባችው ውል ከቀዛፊዎቹ ሌላ ሁለት ሰው ብቻ ነው እንዲገባ የተፈቀደው። የገባው ሰው የራይሱን ቁራጭ ከካፒቴኑ ወረቀት ጫፍ ጋር ያጋጥማል። ጥምዝምዙ ከገጠመ መርከቡ ይሄዳል። እንግሊዝኛ ማንበብ አያስፈልግም። ካልገጠመ ወይም ወረቀቱ ከሌለ መርከቡ፣ ጭነቱና ሰዎቹ በሙሉ ምርኮ ናቸው።

የአሜሪካ ጣጣ የጀመረው ከዚሁ ነው። ቅኝ ግዛት ሳለች ነጋዴዎቿ በእንግሊዝ ይለፍ ይነግዱ ነበር፤ ነጻ ስትወጣ ወረቀቱ ቀረ። ቶማስ ጄፈርሰን በ1790 ለኮንግረሱ ባቀረበው ዘገባ፣ ከነጻነት በፊት አገሪቱ ወደ ውጭ ከምትልከው ስንዴና ዱቄት አንድ ስድስተኛው፣ ከደረቅና ጨው ካለው ዓሣ ሩቡ ሜዲትራኒያን ነበር የሚሸጠው፤ ለዚህም ከ80 እስከ 100 መርከብ ይመላለስ ነበር። ሰባራ ሳንቲም አልከፍልም የሚያስብል የጦር መርከብ ደግሞ አንድም አልነበረም፤ ከነጻነቱ ጦርነት የተረፈችው የመጨረሻዋ በ1785 ተሽጣለች። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አልጀርስ ማሪያና ዶፊን የተባሉትን ሁለት መርከቦች ከ21 ሰዎች ጋር ያዘች። የአሜሪካ መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች ቤዛ ለመክፈል 11 ዓመት ፈጀበት።

እንግዲህ ወደ ዋናው ተረት እንምጣ፤ «አልከፈለችም» ወደሚለው።

ከፈለች። በገንዘብም፣ በዕቃም፣ በመርከብም ከፈለች። በ1793 ፖርቱጋል ከአልጀርስ ጋር ስትታረቅ የሜዲትራኒያንን መውጫ፣ ጀብራልታርን፣ የሚጠብቅ ጠፋ፤ የአልጀርስ መርከቦች ወደ አትላንቲክ ወጥተው በጥቂት ሳምንታት 11 የአሜሪካ መርከቦች ያዙ፤ የተማረኩት ከመቶ በላይ ነበሩ። ኮንግረሱ በመጋቢት 1794 ስድስት ፍሪጌቶች (ፈጣን የጦር መርከቦች) እንዲሠሩ ፈቀደ። ሕጉ ግን ከአልጀርስ ጋር ሰላም ከወረደ ግንባታው ይቁም የሚል አንቀጽ ነበረበት። ሰላሙ በመስከረም 1795 ወረደ፤ ዋጋው 642,500 ዶላር ወዲያው፣ ከዚያ በየዓመቱ 12,000 የአልጀርስ ሴኪን፣ ማለትም 21,600 ዶላር የሚያወጣ የመርከብ ዕቃ ነው። ስጦታውና ሌላው ወጪ ሲደመር ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ። የፌዴራሉ መንግሥት የዚያ ዓመት ጠቅላላ ገቢ ወደ 6 ሚሊዮን ነበር።

የመርከብ ዕቃ የተባለው ምን እንደሆነ ልብ በሉ። ሳንቃ፣ የምሰሶ ግንድ፣ ገመድ፣ ሬንጅ፣ ባሩድ፣ መድፍ ነው፤ አሜሪካውያኑን የሚማርከው መርከብ የሚሠራበትንና የሚታጠቅበትን ዕቃ ራሳቸው አሜሪካውያኑ ጭነው ለአልጀርስ ይወስዱ ነበር። የዕቃው ዋጋ የሚተመነው በአልጀርስ በመሆኑ ለአሜሪካ የሚያስወጣው ውል ላይ ከተጻፈው ይበልጣል። ጥሬ ገንዘቡ በጊዜ አልደርስ ብሎ የአልጀርሱ ገዥ፣ ዴይ የሚባለው፣ ሲቆጣም የአሜሪካው ተደራዳሪ ጆኤል ባርሎ ተጨማሪ ሦስት ወር የገዛው ባለ 36 መድፍ ፍሪጌት እንሰጥሃለን በማለት ነው። ፍሪጌቷ ክሬሰንት ተባለች፤ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ፖርትስመዝ ላይ ተሠርታ በ1798 አልጀርስ ገባች። ቱኒስና ትሪፖሊም በየውላቸው የድርሻቸውን ተቀበሉ።

የሚያዋርድ አንድ ነገር ልጨምር። በ1800 ጆርጅ ዋሽንግተን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ግብሩን ልታደርስ አልጀርስ ስትገባ፣ ዴዩ የራሱን መልእክተኛና ለኦቶማኑ ሱልጣን የሚልከውን ስጦታ፣ በጎቹንና አንበሶቹን ጨምሮ፣ ቁስጥንጥንያ አድርሺልኝ አላት። የካፒቴኑ የዊልያም ቤይንብሪጅ መርከብ ከምሽጉ መድፎች ሥር ቆማለች፤ ምርጫ አልነበረውም። የአልጀርስን ባንዲራ ዋናው ምሰሶ ላይ ሰቅሎ ሄደ።

«እሺ፣ ከዚያ በኋላ ግን በ1801 ተዋጋች፤ ትሪፖሊን አሸነፈች» ይላሉ። መዋጋቱ እውነት ነው። የትሪፖሊው ፓሻ (ገዥ) ዩሱፍ ካራማንሊ ለአልጀርስ የተሰጠው ለእኔ ለምን ያንሳል ብሎ 225,000 ዶላርና በየዓመቱ 25,000 ጠየቀ፤ ሲከለከል ግንቦት 1801 የቆንስሉን የባንዲራ ምሰሶ አስቆረጠ። ግን ውሉ የተፈረመው ሰኔ 1805 ሲሆን ምን ይላል? በትሪፖሊ እጅ ወደ 300 አሜሪካውያን አሉ፤ በአሜሪካ እጅ ወደ 100 የትሪፖሊ ሰዎች አሉ፤ ልዩነቱ 200 ነውና አሜሪካ 60,000 ዶላር ትክፈል ይላል። በነፍስ ወከፍ 300 ዶላር መሆኑ ነው። የዓመት ግብር ቀርቷል፤ ይህ ቀላል ድል አይደለም። ነገር ግን ጦርነቱ ያበቃው በቤዛ ነው። አልጀርስ ደግሞ በዚያ ሁሉ ዘመን የመርከብ ዕቃዋን እየተቀበለች ነበር።

300ዎቹ ሰዎች እንዴት እንደተያዙ ማወቅ ይጠቅማል። ፊላደልፊያ የተባለችው ፍሪጌት ጥቅምት 31 ቀን 1803 የትሪፖሊን መርከብ ስታሳድድ በካርታዋ ላይ ያልነበረ አለት ላይ ወጣች። ካፒቴኗ ያው ቤይንብሪጅ ነው፤ አብራው የነበረችውን ትንሿን ስኩነር (ባለ ሸራ መርከብ) ቀደም ብሎ ወደ ሌላ ቅኝት ልኳታል፤ የሚጎትተው የለም። የመጀመሪያው ስህተት ሸራ ሁሉ ዘርግቶ አለቱን በጉልበት ለመሻገር መሞከሩ ነው፤ መርከቧ ይብሱን ወደ ላይ ወጣች። ጥልቅ ውሃ ከኋላዋ እንደነበር የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። መድፍ ወደ ባሕር ጣሉ፤ መልሕቅ ቆረጡ፤ የፊቱን ምሰሶ ገነደሱ፤ አልተነቃነቀችም። በአንድ ጎን ስለተጋደመች የቀሩት መድፎች ማነጣጠር አልቻሉም። እጅ ከመስጠታቸው በፊት ወለሏን ቢበሱም በቂ አልነበረም፤ ሁለት ቀን ሳይሞላ ማዕበል ውሃውን ሲያነሳው ትሪፖሊዎች አንሳፈፏት፤ የተጣሉትንም መድፎች ከባሕር አወጡ።

የካቲት 1804 የአሜሪካው የባሕር ኃይል መኮንን ስቲቨን ዲኬተር ወደቡ ውስጥ ገብቶ አቃጠላት። «ለምን ነድቶ አላወጣትም?» የሚል አለ። የፊት ምሰሶ የሌላትን፣ ሸራዋ ያልታሰረውን ፍሪጌት በሌሊት፣ በጠባብ መተላለፊያ፣ ከምሽጉ መድፎች ሥር የሚያወጣት ማን ነው?

«የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ትሪፖሊን ያዘ።» የያዘው ደርናን ነው፤ ከትሪፖሊ ከተማ በመንገድ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከእስክንድርያ በረሃውን አቋርጠው የመጡት ወደ 400 ሰዎች አብዛኞቹ አረቦችና የግሪክ ቅጥረኞች ነበሩ፤ ባሕር ወለዶቹ ከነመኮንናቸው ስምንት። መሪያቸው ዊልያም ኢተን ከፓሻው ወንድም ከሐሜት ካራማንሊ ጋር ነበር የተሰለፈው፤ ዕቅዱ ዩሱፍን አውርዶ ሐሜትን ማንገሥ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1805 ከተማዋን ያዙ። ከዚያ ሰላሙ ተፈረመና ኢተን ውጣ ተባለ፤ ሐሜትም ሜዳ ላይ ቀረ።

ይህ ሌላኛውንም ተረት ያፈርሳል፤ «የሃይማኖት ጦርነት ነበር» የሚለውን። እርግጥ የትሪፖሊው አምባሳደር አብዱራህማን በ1786 ለንደን ላይ ለጄፈርሰንና ለጆን አዳምስ ሃይማኖታዊ ምክንያት ሰጥቷቸዋል። በዚያው ውይይት ግን ዋጋውንም ተናገረ፤ ለዘላቂ ሰላም 30,000 ጊኒ (የእንግሊዝ የወርቅ ገንዘብ)፣ ለራሱ ደግሞ አሥር በመቶ ኮሚሽን። በ1797 የጸደቀው የትሪፖሊ ውል የአሜሪካ መንግሥት በክርስትና ሃይማኖት ላይ አልተመሠረተም ይላል። (ይህ አንቀጽ 11 በአረብኛው ቅጂ ውስጥ የለም፤ በእንግሊዝኛው ግን ሴኔቱ አጽድቆታል።) ምርኮኛን ባሪያ ማድረግም የአንድ ወገን ሥራ አልነበረም፤ የማልታ ፈረሰኞች የተባሉት የካቶሊክ ተዋጊዎች ሙስሊሞችን እየያዙ ያስቀዝፉ ነበር፤ አሜሪካ ራሷ በ1800 ቆጠራ ወደ 890,000 የሚጠጉ ባሪያዎች ነበሯት።

«ምርኮኛ ሁሉ በሰንሰለት ታስሮ ሞተ።» ብዙዎቹ ለወደቡ ግድብ ድንጋይ ሲጎትቱ ኖረዋል፤ በወረርሽኝ የሞቱም አሉ። ሆኖም ጄምስ ካትካርት የተባለው የማሪያ መርከበኛ በአልጀርስ እስር ቤት ውስጥ መጠጥ ቤቶች ከፍቶ፣ የዴዩ ጸሐፊ እስከመሆን ደርሷል። በ1801 ትሪፖሊ ላይ የባንዲራው ምሰሶ የተቆረጠበት ቆንስልም እሱ ነው።

«ጄፈርሰን ጦርነት አወጀ።» መደበኛ አዋጅ አልነበረም። ነሐሴ 1801 ኢንተርፕራይዝ የተባለችው ስኩነር አንድ ሰው ሳይሞትባት የትሪፖሊን ባለ 14 መድፍ መርከብ ስታሸንፍ እንኳ፣ ምርኮ ለመውሰድ ሥልጣን ስላልነበራት መድፎቹን ባሕር ውስጥ አስጥላ፣ ምሰሶዎቹን አስቆርጣ ለቀቀችው። ኮንግረሱ መያዝ የፈቀደው በየካቲት 1802 ነው።

«‹ሚሊዮን ለመከላከያ እንጂ ሰባራ ሳንቲም ለግብር የለም› የተባለው ለወንበዴዎቹ ነው።» በ1798 ከፈረንሳይ ጋር በተነሳው ጠብ ነው የተባለው። በዚያው ዓመት ክሬሰንት አልጀርስ ደርሳ ነበር።

ግብሩ መቼ ቆመ ታዲያ? በ1812 ዴዩ ሒሳቡ በጨረቃ አቆጣጠር ይሠራ ብሎ ተነሳ። የጨረቃው ዓመት ስለሚያጥር ከ1795 ወዲህ ያለው ዘመን በግማሽ ዓመት ያህል ይረዝማል፤ ውዝፉም 27,000 ዶላር ሆነ። ቆንስሉ ተበድሮ ከፈለ፤ ከፍሎም ተባረረ። ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ጦርነት ሲያበቃ ዲኬተር በ1815 አሥር መርከቦች ይዞ መጣ፤ ሰኔ 17 ቀን የአልጀርሱን ዝነኛ አዛዥ ራይስ ሐሚዱን በውጊያ ገደለ፤ ሰኔ 30 ውሉ ተፈረመ። ያለ ግብር፣ ያለ ቤዛ፣ ይልቁንም አልጀርስ 10,000 ዶላር ካሣ ከፍላ። እነዚያ አዋቂዎች የሚያወሩት ድል ይኼ ነው፤ የመጣው ከመጀመሪያው ክፍያ 20 ዓመት ቆይቶ፣ የባሕር ኃይሉ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጋ ካደገ በኋላ ነው። ዴዩ ውሉን ወዲያው ማጣጣል ጀመረ። ያጸናው የእንግሊዝና የሆላንድ መርከቦች ነሐሴ 1816 ከተማውን ከደበደቡ ወዲህ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነው።