መልክዓ ምድርን በእርሳስ መሳል፦ ለጀማሪዎች

መልክዓ ምድርን በእርሳስ መሳል ማለት ተራራን፣ ዛፍን፣ ውሃንና ሰማይን ያለ ቀለም ማሳየት ነው። ያለው መሣሪያ ግራጫ ብቻ ነው፤ ከወረቀቱ ንጣት እስከ እርሳሱ ጥቁረት። ለጀማሪ ከሰው ፊት ይልቅ ይቀላል። አፍንጫ ትንሽ ከተዛነፈ ሥዕሉ ሌላ ሰው ይሆናል። የዛፍ ቅርንጫፍ ግን ወዲህ ቢል ወዲያ ማንም አይጠይቅም።

በእርሳሱ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ይባላል። የካርቦን ዓይነት ነው። በስስ በስሱ የተደራረበ ስለሆነ ወረቀት ላይ ሲታሽ እየተላጠ ይቀራል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን እንግሊዝ፣ ቦሮውዴል በተባለ ሸለቆ፣ በጣም ንጹሕ ግራፋይት ተገኘ። ያኔ ማዕድኑን እየቆራረጡ በገመድ ጠቅልለው ወይም በእንጨት አቅፈው ይጽፉበት ነበር። በኋላ ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመችና ግራፋይቱ ተቋረጠባት። ኒኮላ ዣክ ኮንቴ የተባለ ፈረንሳዊ መላ አገኘ። የግራፋይት ዱቄትን ከሸክላ አፈር ጋር አቦክቶ በእሳት ተኮሰው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1795 ለዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት ተሰጠው። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ መስመሩም ይፈዛል። ግራፋይቱ ሲበዛ ደግሞ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል።

እርሳስ ላይ የሚታዩት ፊደሎች የሚናገሩት ይህንኑ ነው። ኤች ጠንካራ፣ ቢ ለስላሳ፣ ኤችቢ መካከለኛ። ከፊደሉ ጎን ያለው ቁጥር ሲጨምር ጠባዩም ይብሳል። ለጀማሪ ሙሉ ሳጥን እርሳስ መግዛት ትርፍ ወጪ ነው። 2ኤች፣ ኤችቢ፣ 2ቢ እና 6ቢ ይበቃሉ። ወረቀቱ ግን ችላ አይባልም። በጣም ልሙጥ ከሆነ ግራፋይቱን አይዝም፣ በጣም ሻካራ ከሆነ ሰማዩ ዝንጉርጉር ይሆናል። ትንሽ ሸከር ያለ፣ ወፈር ያለ ወረቀት ይመረጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የመልክዓ ምድር ሥዕል የሚቆመው በመስመር ሳይሆን በጥቁረት ልዩነት ነው። በእኛና በሩቁ ተራራ መሀል አየር አለ። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበትና አቧራ ብርሃን ይበትናል። ስለዚህ ነገሩ በራቀ መጠን ጥቁሩ ይሳሳል፣ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ዝርዝሩ ይጠፋል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ስለዚህ ጉዳይ በማስታወሻዎቹ ደጋግሞ ጽፏል። በእርሳስ ሲሆን አሠራሩ ግልጽ ነው። የሩቁ ተራራ በ2ኤች፣ ሳይጫኑ፣ ያለ ዝርዝር። መሀሉ በኤችቢና በ2ቢ። የቅርቡ ድንጋይና ግንድ በ6ቢ፣ ከነስንጥቁ። ጀማሪ ግን ተራራው ላይ ዛፍ መኖሩን ስለሚያውቅ አንድ በአንድ ሊተክላቸው ይነሳል። ያን ጊዜ ተራራው ከሩቅ ተነስቶ አፍንጫችን ሥር ይመጣል።

ጥቁረቱን ለመለየት ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየት ይረዳል። ዝርዝሩ ይጠፋና ትልልቁ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ሰማዩ ከሁሉ ይደምቃል፣ ምክንያቱም ብርሃኑ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከሰማይ ቀጥሎ ብርሃኑን ፊት ለፊት የሚቀበለው ሜዳ ነው። ተዳፋቱ ጠቆር ይላል፣ ቀጥ ብሎ የቆመው ዛፍ ደግሞ ከሁሉም ይጠቁራል። በረዶ የለበሰ ሜዳ ወይም ዝናብ ያዘለ ሰማይ ሲመጣ ግን ይህ ሕግ ይፈርሳል።

ዛፍ በቅጠል አይጀመርም። መጀመሪያ ቅርጹን በሙሉ ማየት፣ ብርሃን ያረፈበትን ጎን መተው፣ የጥላውን ጎን ማጥቆር። ቅጠል የሚመስሉ ጭረቶች ጠርዙ ላይ ጣል ጣል ማድረግ በቂ ነው። በቅርንጫፎቹ መሀል ሰማይ የሚታይበት ክፍተት መተው ደግሞ ግድ ነው፣ አለዚያ ዛፉ ድንጋይ ይሆናል። ውሃ ላይ ያለ ነጸብራቅ ከነገሩ ሥር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጥቁሩ ትንሽ ይፈዛል፣ ነጩም ትንሽ ይጠቁራል። ደመና ደግሞ ከመሳል ይልቅ ይነሳል፦ ሰማዩን በስሱ ካጠቆሩ በኋላ እንደ ሊጥ በሚታሽ ላጲስ ግራፋይቱን ጫን ጫን እያደረጉ ማንሳት። በጣት ማሸት አይመከርም። የጣት ቅባት ወረቀቱ ላይ የማይለቅ እድፍ ይተዋል።

አድማሱ ሁልጊዜ በተመልካቹ ዓይን ቁመት ልክ ነው። ወረቀቱን እኩል ለሁለት እንዲከፍለው ባይደረግ ይሻላል። ሰማዩ የሚስብ ከሆነ ዝቅ፣ መሬቱ የሚስብ ከሆነ ከፍ ይደረጋል። መሀሉ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ካርቶን ይዞ አሻግሮ ማየት የቱን ወስዶ የቱን መተው እንደሚሻል ያሳያል። ከቤት ውጭ ሲሳል ትንሽ ወረቀት ይመቻል። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል በ1813 እና በ1814 በኪስ የሚያዙ ደብተሮች ላይ በእርሳስ ይስል ነበር። ደብተሮቹ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አሉ።

ግራፋይት አንድ ድክመት አለው። ተጭነው ሲያጠቁሩት ያብለጨልጫል፣ የከሰልን ያህል ድፍን ጥቁርም አይወጣውም። ስለዚህ ጥቁሩ የሚገነባው ቀስ ብሎ፣ ንብርብር በንብርብር ነው። በቀኝ እጁ የሚስል ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ቢሄድና ከእጁ ሥር ንጹሕ ወረቀት ቢያደርግ የሠራውን አያበላሽም። ያለቀው ሥዕል ግራፋይቱ እንዳይለቅ በሚያደርግ ስፕሬይ (ፊክሳቲቭ) በስሱ ይረጫል፣ መስኮት ተከፍቶ። ስፕሬይ ከሌለ ላዩ ላይ ስስ ወረቀት አልብሶ፣ ሳያሹት፣ በጠፍጣፋ ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል።