532 (ዐውደ ቀመር)

532 በባሕረ ሐሳብ (በዓላትንና አጽዋማትን በምናወጣበት የዘመን ስሌት) «ዐውደ ቀመር» ወይም «ዐቢይ ቀመር» የሚባለው ቁጥር ነው። ዕለቱ፣ አበቅቴው (የጨረቃ ትርፍ ቀን ቁጥር) እና ዓመቱ የሚሰየምበት ወንጌላዊ ተገናኝተው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት በ532 ዓመት አንዴ ነው።

ቁጥሩ ሲበተን 4 × 7 × 19 ይሆናል። 4ቱ የወንጌላውያን ዘመን (ጳጉሜን 6 የምትሆነው በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ነው)፣ 7ቱ የሳምንቱ ዕለታት፣ 19ኙ የጨረቃ ዙር ነው። 4 በ7 ሲባዛ 28፣ ዐውደ ፀሐይን፤ 4 በ19 ሲባዛ 76፣ ዐውደ ማኅተምን ይሰጣል። ሦስቱ ቁጥሮች ከ1 በቀር የሚጋሩት አካፋይ ስለሌላቸው ከ532 ዓመት በፊት አብረው ሊገጥሙ አይችሉም። 532 ዓመት 194,313 ቀን ነው፤ ለ7 ሲካፈል ቅንጣት ሳይተርፍ 27,759 ሳምንት ይወጣል። ከዘመን ቆጠራው ውጭ፣ 532 አሥራ ዘጠነኛው ባለአምስት ጎን ቁጥር ነው፤ 19 እዚህም ብቅ ማለቱ ደስ ያሰኛል።

የ2017 ዓ.ም. ፋሲካ እንዲህ ይወጣል። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ (ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት) 7517 ነው። ለ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 69 ይተርፋል፤ 69 ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል። «አሐዱ አእትት ለዘመን» ብለን አንድ ስንቀንስ ወንበሩ (የስሌቱ መነሻ ቁጥር) 11 ነው። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 121፣ በ30 ሲገደፍ (30 እየተነሣ ቀሪው ሲያዝ) አበቅቴ 1፤ ወንበሩ በ19 ሲባዛ 209፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ (የአበቅቴ ጥንድ ቁጥር) 29። የሁለቱ ድምር 30 ካልመጣ ስሌቱ ተሳስቷል። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ (የመጥቅዕ ቁጥር የሚውልበት ቀን) መስከረም 29፣ ረቡዕ ዋለ። የረቡዕ ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበ ተጨማሪ ቁጥር) 4 ነው፤ 29 + 4 = 33፣ 30 ሲነሣለት መባጃ ሐመር (ጾመ ነነዌ የሚገባበትን ቀን የሚሰጠው ቁጥር) 3።

ጀማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ነነዌ በጥር ይገባል፤ ድምሩ 30 ካለፈ ግን ወደ የካቲት ይሻገራል። ስለዚህ ነነዌ የካቲት 3፣ ከዚያ 69 ቀን ተቆጥሮ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ሆነ። መሻገሩን የዘነጋ ፋሲካን አንድ ወር አስቀድሞ መጋቢት 12 ያውላል። ሌላው ስሕተት የበዓለ መጥቅዕን ዕለት ትቶ የመስከረም 1ን ዕለት ተውሳክ መውሰድ ነው። በ19 ተካፍሎ ቀሪ ሲታጣ ደግሞ ቀሪው 19 ተብሎ ወንበሩ 18 ይሆናል።

ቀመሩን የደረሰው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ መሆኑን የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ያስተምራል። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስክንድርያዊው መነኩሴ አንያኖስ በ532 ዙር ተጠቅሟል። ምዕራባውያን በ1582 (እ.ኤ.አ.) የዘመን አቆጣጠራቸውን ሲያሻሽሉ ይህን ዙር ተዉት፤ የእነርሱ ፋሲካ አሁን ሙሉ ዙሩን የሚጨርሰው በ5,700,000 ዓመት ነው። የእኛ በቃል ይያዛል። እርግጥ 235 የጨረቃ ወራት ከ19 ዓመት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያንሳሉ፤ ይህ በአንድ ዐውደ ቀመር ተጠራቅሞ ወደ 1.7 ቀን ይደርሳል።

ያለንበት 15ኛው ዐውደ ቀመር በ1949 ዓ.ም. ገብቶ በ2480 ዓ.ም. ይፈጸማል። የ2017 ወንበር፣ ወንጌላዊና ዕለት ሁሉ የዐፄ እስክንድር ዘመን ከሆነው ከ1485 ዓ.ም. ጋር አንድ ነው፤ ያኔም ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 12 ነበር።